የግቢ ኩሬ ዳር አበባ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ሰው የአተካከል መመሪያ

ጣና ዳር በጠዋት የቆመ ሰው አንድ ነገር ያያል። ውሃው የት ጋ እንደሚጀምር መለየት ይቸግራል። መጀመሪያ ሣሩ ይረጥባል። ከዚያ ቄጤማው ይመጣል። ቀጥሎ ፊላው፣ ከፊላው ወዲያ ደንገሉ። ክፍቱን ውሃ የምናገኘው ይህን ሁሉ አልፈን ነው።

ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ ኩሬ ሲሠራ ይህን ይረሳል። ጉድጓድ ይቆፍራል፣ በሲሚንቶ ይለስናል፣ ውሃ ይሞላል፣ በቃ። ያ ገንዳ ነው። ኩሬን ኩሬ የሚያሰኘው ዳሩ ነው። ይህ መመሪያም ስለ ዳሩ ነው፤ ሥራቸው ጭቃና ውሃ ውስጥ ሆኖ ቅጠላቸውና አበባቸው ከውሃ በላይ ስለሚወጣ ተክሎች።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። እዚህ የምንተክለው የውሃ ተክል ሁሉ ከሐይቁ ሩቅ አይደለም። ክረምት ሲገባ የግቢያችን ጎርፍ ወደ ቦይ ይገባል፤ ቦዩ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ ከታች የምላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ከሐይቁ ዳር ጥቂት ወስዳችሁ በግቢያችሁ አሳድጉ፤ ከግቢያችሁ ግን ወደ ሐይቁ ምንም አይውጣ።

ቦታ መምረጥ

አበባ ፀሐይ ይፈልጋል። በቀን ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉ። የጠዋት ፀሐይ ከሁሉ ይሻላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የከሰዓት በኋላው ሙቀት ጥልቀት የሌለውን ውሃ ያፈላዋል፤ ከምዕራብ በኩል ትንሽ ጥላ ቢኖር ጥሩ ነው። ነገር ግን ከማንጎ ወይም ከአቮካዶ ሥር አትቆፍሩ። ቅጠሉ እየረገፈ ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል፣ ሥሩም ያስቸግራል።

የግቢውን ዝቅተኛ ቦታም ተዉት። ሰው ውሃ ወደሚሄድበት መቆፈር ይቀናዋል። ክረምት ላይ ግን የግቢው ጎርፍ በሙሉ ጭቃውን ይዞ እዚያ ይገባል። ከሽንት ቤት ጉድጓድም ራቁ። ለምን እንደሆነ ስለ ቀንድ አውጣ ስናወራ ይገባችኋል።

ቁፋሮ

ኅዳርና ታኅሣሥ ለቁፋሮ ጥሩ ወራት ናቸው። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ግን ገና ለስላሳ ነው። የካቲት ከገባ ዋልካው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ዶማ እንኳ አልገባ ይላል። በአንዳንድ ሰፈር ደግሞ ትንሽ እንደቆፈራችሁ ጥቁሩን ድንጋይ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ካጋጠማችሁ አትታገሉት። ግማሹን ቆፍራችሁ ግማሹን በድንጋይ ግንብ ከመሬት በላይ አንሱት።

ለአንድ ቤተሰብ ግቢ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ኩሬ ይበቃል። መሀሉ 60 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ። ዋናው ነገር እርከኑ ነው። ዙሪያውን ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ እርከን ተዉ። የዳር ተክሎቹ ዕቃ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው። እርከኑ ሌላም ጥቅም አለው። ሕፃን ቢገባ ወይም የጎረቤት በግ ቢንሸራተት መውጫ ይሆናል። ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ግን በእርከኑ አይተማመን። ልጆቹ እስኪያድጉ ዙሪያውን ማጠር ግድ ነው።

ጠርዙ እኩል መሆኑን በዓይን አትለኩ። ዓይን ያታልላል። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ነጭ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ በውሃ ልክ እዩት። አንዱ ጎን በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ እዚያ በኩል ኋላ የምናነጥፈው ላስቲክ ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ላይ ይቀራል፤ አይቶ ለማለፍ ያስጠላል፣ ፀሐዩም ይበላዋል።

ለማንጠፊያ ገበሬዎች ለውሃ ማቆሪያ የሚጠቀሙበት ወፍራም ላስቲክ፣ ጂኦሜምብሬን፣ ከሁሉ ይሻላል። ቀጭኑ የቤት ላስቲክ አንድ በጋ አይሞላም። ልኩን እንዲህ አስሉ፦ የኩሬው ርዝመት፣ ሲደመር የጥልቀቱ እጥፍ፣ ሲደመር 60 ሴንቲ ሜትር ለጠርዝ። ወርዱንም እንደዚሁ። 3 በ2 ለሆነው ኩሬያችን 4 ሜትር ከ80 በ3 ሜትር ከ80 ይመጣል። ከሥር ሹል ድንጋይና ሥር ልቀሙ። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አልብሱና በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ። ላስቲኩ ከዚያ በኋላ ይገባል።

ለሐይቁ በጣም ቅርብ የሆናችሁ ሰዎች አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ነሐሴ ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል። ኩሬውን ለማጽዳት ብላችሁ በዚያ ወር ብታጎድሉት ላስቲኩ ከሥሩ ተነፍቶ እንደ ሆድ ይነሳል። የማጽዳት ሥራ በበጋ ነው።

ውሃ

ከላይ ያልነው ኩሬ ከእርከኑ ጋር 2,600 ሊትር ገደማ ይይዛል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ይቆይ፣ ክሎሪኑ ይውጣ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃ የተሻለ ነው። የመጀመሪያውን የግንቦት ዝናብ ግን አትቀበሉት። የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ሁሉ ጠርጎ የሚያወርደው እሱ ነው።

በበጋ ውሃው በትነት በቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። በሳምንት ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ቢጎድል ቀዳዳ ፍለጋ አትጨነቁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ፈልጉ። ፓምፕ የግድ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ቦታ በፓምፕ ላይ የቆመ ኩሬ ያስጨንቃል። ተክሉና ዓሣው ከተመጣጠኑ ውሃው ራሱን ይችላል።

አፈርና ዕቃ

የመጀመሪያው ኩሬዬ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ ተቀቀለ ጎመን ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ። ለአበባ ይጠቅማል ብዬ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ ነበር። ለጽጌረዳ የሚጠቅም ፍግ ለኩሬ አይሆንም። ውሃው ውስጥ ይሟሟና አልጌውን፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ነገር፣ ይቀልባል። አልጌው ፀሐዩን ይጋርዳል፣ ሌሊት ሌሊት አየሩን ይጨርሳል። ሁሉንም ዕቃ አውጥቼ አፈሩን ደፍቼ እንደ አዲስ ተከልኩ።

የሚሆነው አፈር ከባድ፣ የሚጣበቅ፣ ፍግም ኮምፖስትም ያልነካው ነው። ዋልካ ይሆናል። ከላይ ያለውን ሣርና ሥር ያለበትን አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን ውሰዱ። መፈተኛው ቀላል ነው። እፍኝ አፈር አርጥቡና በመዳፋችሁ መሀል እንደ ጣት አንከባሉት። ሳይሰነጠቅ ከተጠቀለለ ይሆናል። ከተፈረካከሰ አሸዋ አለበት፤ ውሃ ውስጥ ይበተናል።

ተክሉን በቀጥታ ኩሬው ወለል ላይ አትትከሉ። ሁልጊዜ በዕቃ ይሁን። ያለ ዕቃ የተተከለ ካና በሁለት ዓመት ውስጥ እርከኑን በሙሉ ይይዛል፤ ደንገል ከሆነማ ኩሬውን ይውጠዋል። ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ በወገቡ ቆርጣችሁ ጎኑን በጋለ ሚስማር በርከት አድርጋችሁ ብሱት። አሮጌ ሳፋ ወይም ጀሪካንም ይሆናል። ውስጡን በማዳበሪያ ከረጢት አልብሱት፣ አፈሩ እንዳይወጣ። ከረጢቱን ግን ሦስት አራት ጊዜ እጠቡት። ስፌቱ ውስጥ የቀረችው ዩሪያ ትንሽ ብትመስልም አልጌን ለመጥራት ትበቃለች። የቀለሙን ባልዲም እንደዚሁ፣ ቀለም አንድም ሳይቀር ፍቃችሁ አጽዱት።

የትኞቹን እንትከል?

ጀማሪ ከሆናችሁ ከካና ጀምሩ። በከተማችን ግቢዎችና አጥሮች ሥር ሞልቷል። ቅጠሉ የሙዝን ቅጠል ያስታውሳል፤ አበባው ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አንዳንዱም ነጠብጣብ ያለበት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ካና ውሃ ውስጥ ቆሞ ማደግ መቻሉን ነው። በደረቅ መሬት ላይ ካለው ይልቅ ይወፍራል፤ ፀሐይ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ያብባል። ወፍራሙን ሥር እንደ ድንች ሁለት ሦስት ዓይን እንዲኖረው አድርጋችሁ ቁረጡ። በመጀመሪያ ሁለት ሳምንት እርጥብ ጭቃ ላይ ብቻ ይቀመጥ። ቅጠል ሲያወጣ ውሃው ከሥሩ በላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ዝቅ አድርጉት። ያበበው ግንድ ሁለተኛ አያብብም፤ ከሥሩ ቁረጡት፣ አዲሱ በጎኑ ይወጣል።

ካላ ሊሊ ነጭ ነው። ለሠርግ እቅፍ አበባ የሚታሰረው፣ እንደ ጥሩንባ የተጠቀለለው። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቃል ስላለ ብዙ ሰው የእኛ ይመስለዋል። የትውልድ አገሩ ግን ደቡብ አፍሪካና አካባቢዋ ነው። በድሮ ጊዜ አውሮፓውያን ያን ቃል ለሰፊው የአፍሪካ ክፍል ይጠቀሙበት ነበር፤ ስሙ ከዚያ ቀረ። ቀዝቀዝ ያለ ነገር ስለሚወድ ባሕር ዳር ላይ ጥላ ያለበት ጎን ይሰጠው። ከውሃው በታች እስከ 15 ሴንቲ ሜትር መግባት ይችላል። በሙቀቱ ወራት ቅጠሉ ቢጠወልግ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፤ ሥሩ አርፏል። ፈሳሹ አፍንና ጉሮሮን ክፉኛ ያቃጥላል። ልጆች እንዳያኝኩት ተጠንቀቁ።

ከእኛው ሜዳ የሚመጣ አንድ አበባ አለ። ገበሬው የጅብ ሽንኩርት ከሚላቸው አንዱ ነው። ክረምት ላይ ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ከመሬት ብድግ ብሎ ነጭ አበባ ያወጣል። ይህን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል። በዕቃው ተክላችሁ ከሰኔ እስከ መስከረም ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይቆይ። ከጥቅምት በኋላ አውጡትና ደረቅ ቦታ ያርፍ። ግንቦት መጨረሻ መልሱት። እሱም መርዝ አለው፤ ከኩሽና ሽንኩርት አጠገብ አታስቀምጡት።

አሁን ከሁሉም ወደምወደው ልምጣ፤ እንሶስላ።

እንሶስላን ብዙዎቻችን የምናውቀው በእጅ ላይ ነው። አያቴ ለበዓል ሥሩን ወቅጣ፣ በእጇና በእግሯ ላይ አድርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ታድር ነበር። ጠዋት ስትፈታው ጣቶቿ ቀልተው ይወጣሉ። እንሶስላ መሞቅ እንዲህ ነበር። አበባውን ግን ያየ ከተሜ ጥቂት ነው። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው። የታችኛው ቅጠሉ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም እንደ ፈሰሰበት ይመስላል። ከኋላው ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ታች የተጎነበሰ ጭራ አለው። ማርዋ እዚያ ጭራ ጫፍ ላይ ናት። ሲመሽ ይሸታል፤ ረጅም ምላስ ያላቸው ትልልቅ የሌሊት ቢራቢሮዎች ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። ፍሬው ሲበስል በጣታችሁ ጫፍ ብትነኩት ጠብ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይረጫል። ልጆች ይህን ካዩ ከኩሬው ዳር አይለዩም።

እንሶስላ የወንዝ ዳር ተክል ነው፤ ውሃ ውስጥ ግን አይቆምም። ከጠርዙ ውጪ፣ ዘወትር እርጥብ በሆነና ግማሽ ጥላ ባለው አፈር ላይ ይተከል። ፍግ የሚወድ ከሆነ እዚህ ስጡት፤ ከላስቲኩ ውጪ ስለሆነ ውሃውን አይነካም። ሥሩ እንደ ድንች ያበጠ ነው። ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ትከሉት። በክረምት ያድጋል፣ ያብባል። በበጋ ላዩ ይደርቃል፤ ሥሩ ከመሬት በታች ሆኖ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል። ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፣ ሰው በዶማ እንዳይቆርጠው። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ለበዓል የሚሞቅ ሥር ከግቢያችሁ ታገኛላችሁ።

ለአረንጓዴው ደግሞ ቄጤማ። አበባው ቡናማና ትንሽ ነው፣ ለዓይን ብዙም አይደለም። ግን ደማቆቹን አበቦች የሚያስታርቃቸው እሱ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ የምትጎዘጉዙትን ከራሳችሁ ኩሬ ታጭዳላችሁ። ደንገል የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ዕቃ ብቻ፣ ከዚያ አትለፉ። ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። በምዕራብ በኩል አስቀምጡት፤ የከሰዓቱን ጥላ ይሰጣል። ናና ጠርዙ ላይ ይሁን፤ አበባው ትንሽ ቢሆንም ንብ አይለየውም። ጎደሬም ለቅጠሉ ሲባል እርጥብ ዳር ላይ ያምራል። መሀሉ ላይ የሐይቁን ሰማያዊ የውሃ አበባ የምትሹ ካላችሁ አንድ ሥር ይበቃል፤ ቅጠሉ ውሃውን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ አልጌም ይቀንሳል።

ለ3 በ2 ኩሬ በጠቅላላው ከስድስት እስከ ስምንት ዕቃ ይበቃል። ባዶ ይመስላል ብላችሁ አትጨምሩ። አንድ ክረምት ጠብቁ።

ከሐይቁ ዳር ስታመጡ

አንድ ቀን ደንገል የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ «አባባ፣ ትንሽ ሥር ልውሰድ?» አልኳቸው። እንድወስድ ፈቀዱልኝ፤ ግን ከዳር ከዳሩ እንድወስድ፣ መሀሉን እንዳልነካ ነገሩኝ። መሀሉ ከተከፈተ ማዕበሉ ገብቶ ሌላውንም ይነቅለዋል። ይህን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ታንኳ የሚሠራው ከዚህ ደንገል ነው፤ ደንገሉ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ነው። ጣናና ዙሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ አንድ ቁራጭ ብቻ ውሰዱ። ጎረቤት ካለው ደግሞ ከጎረቤት ለምኑ።

ወደ ውሃው ስትገቡ ቦት ጫማና የጎማ ጓንት አድርጉ። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ የሚባል፣ ከውሃ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ትናንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በትክክል እኛ የምንፈልጋቸው ተክሎች ላይ ይኖራሉ። ያመጣችሁትን ተክል በቀጥታ ኩሬ ውስጥ አትክተቱ። አሮጌውን ቅጠል ቁረጡና ጣሉ። ሥሩን ከጭቃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡ። ከዚያ በነጭ ሳፋ ውሃ ውስጥ ለብቻው ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ነጭ የምለው በምክንያት ነው። ጥፍር የማታህል ቀንድ አውጣ በነጭ ላይ ትታያለች። ከቅጠል ሥር የተለጠፈ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ እንደ እንቁላል ነጭ ጥርት ያለ ጠብታ ካያችሁ የእሷ እንቁላል ነው፤ በጥፍራችሁ ፍቃችሁ አንሱት። የሳፋውን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት፤ ወደ ቦይ አይሁን።

የበሽታው ትል ወደ ቀንድ አውጣው የሚገባው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውሃ ነው። ኩሬው ከሽንት ቤት ይራቅ ያልኩት ለዚህ ነው።

መትከል

ዋናው የተከላ ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ነው። ውሃው ሞቅ ያለ ነው፣ ዝናቡም እየመጣ ነው። ያኔ ካመለጣችሁ መስከረም መጨረሻ ላይ ትከሉ።

ዕቃውን እስከ ሦስት አራተኛው በእርጥብ አፈር ሙሉ፣ በእጃችሁ ጠቅጠቅ አድርጉ። ሥሩን አስቀምጡ። የካናው ሥር ወደ ጎን ይተኛ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይይ። አፈር ጨምሩ፣ እንደገና ጠቅጠቅ። በላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር አልብሱት። ጠጠሩ አፈሩ እንዳይበተንና ዓሣው ሥሩን እንዳይቆፍር ይጠብቃል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዕቃውን ወደ ኩሬው ከማውረዳችሁ በፊት በሳፋ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንከሩት። ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየሩ ይወጣል። ቡልቅታው እስኪያቆም ጠብቁ። ይህን ሳታደርጉ በቀጥታ ብታወርዱት አየሩ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ተክሉን ከነሥሩ ይተፋዋል፤ አፈሩም ኩሬውን ያደፈርሰዋል።

እርከኑ 25 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለአዲስ ተክል ይጠልቃል። ከሥር ጡብ ወይም የብሎኬት ስባሪ አድርጉና በተክሉ አናት ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ይሁን። ተክሉ ሲያድግ ጡቡን አንድ በአንድ አንሱ። አዲስ ብሎኬት ግን ሲሚንቶው ውሃውን ይለውጠዋል፤ ሁለት ሳምንት በሌላ ውሃ ተነክሮ፣ ውሃውም ተቀያይሮለት ይግባ።

ቢንቢ

ጎረቤቴ እትዬ ኩሬውን እንዳዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ አበባው አልነበረም። «ይህ ሁሉ ውሃ ወባ አያመጣብንም ወይ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ባሕር ዳር የወባ አገር ናት። የወባ ትንኝ ደግሞ ፀሐይ የነካው፣ የማይንቀሳቀስ ውሃ ትወዳለች። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ኩሬ የሚሠራ ሰው ለሠፈሩም ኃላፊነት አለበት።

መፍትሔው ዓሣ ነው። ከጣና የሚገኘው የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት የትንኟን እጭ፣ ከእንቁላሏ የሚፈለፈለውን፣ ይበላል። ለእኛ ኩሬ ከስምንት እስከ አሥር ትንንሽ ዓሣ ይበቃል። ቶሎ ስለሚባዙ በየጊዜው ቀንሱና ጥበሱ። የውጭ አገር ዓሣ ግን ለጌጥ ብላችሁም አታስገቡ። ጣና በሌላ የዓለም ሐይቅ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ ባዕድ ዓሣ በጎርፍ ቢደርስባቸው የሚመልሰው የለም።

ዓሣ ኖረም አልኖረም በሳምንት አንድ ቀን ፈትሹ። ነጭ ጭልፋ ያዙና በተክሎቹ መሀል፣ ጥላችሁ ውሃው ላይ ሳይወድቅ፣ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። አሥር ጊዜ ከተለያየ ቦታ። የሚወራጭ እጭ ካያችሁ ልብ ብላችሁ እዩት። ከውሃው ገጽ ጋር ጋደም ብሎ የሚንሳፈፈው የወባዋ ትንኝ ነው። አንገቱን ወደ ታች ደፍቶ የሚንጠለጠለው የሌላዋ ቢንቢ ነው። ሁለቱም መጥፋት አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ቅጠል የተጨናነቀበት፣ ዓሣ መግባት ያቃተው ጥግ ላይ ነው። ቅጠሉን አሳሱ፤ ዓሣው የቀረውን ይሠራል። ባዶ የቀሩ ሳፋዎችንና ባልዲዎችንም ገልብጡ። ጋዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት ውሃ ላይ ማፍሰስ ዓሣውንም ተክሉንም ይገድላል።

እምቦጭ

ስለ እሱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እምቦጭ ያምራል። ሐምራዊ አበባው ላይ ቢጫ ዓይን አለው፣ የፒኮክ ላባ ይመስላል። ከአማዞን አካባቢ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ውበቱ ነው፤ ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ወሰዱት። በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው በእጁ ሲነቅል፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡ ሲያዝበት አይተናል። በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላል።

ማንም «ለኩሬህ» ብሎ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። በሌላ ተክል ሥር ተጠልሎም ይመጣል። እኔ ከገዛሁት የውሃ ተክል መሀል አንድ ጊዜ አውራ ጣቴን የምታህል ችግኝ አግኝቻለሁ። የምትለዩት በአንገቱ ነው። የቅጠሉ አገዳ እንደ ትንሽ ሽንኩርት ያበጠ ነው፤ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይላል። ሥሩ ጥቁር፣ እንደ ላባ የተንጨባረረ ነው። ካገኛችሁት ከነሥሩ አውጡ፣ ከውሃ በራቀ ሲሚንቶ ላይ አስጡ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ አቃጥሉ። ወደ ቦይ ወይም ወደ ቆሻሻ ክምር አትወርውሩት።

እንክብካቤና የክረምቱ በር

በጋ ላይ ሥራው ትንሽ ነው። የጎደለውን መሙላት፣ የደረቀ ቅጠል ውሃው ውስጥ ሳይወድቅ መቁረጥ። አበባ ከቀነሰ የተፈጨ አጥንት ማንኪያ ሙሉ በጭቃ ጠቅልሉና ዕቃው ውስጥ፣ ሥሩ አጠገብ ጠልቆ እንዲገባ አድርጋችሁ ቅበሩት። ከዚያ በላይ አትመግቡ። በየሁለት ዓመቱ ጥር ላይ ካናውንና ቄጤማውን አውጥታችሁ ክፈሉ። ዕቃው በሥር ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሶ ታገኙታላችሁ። የውጪውን ወጣት ሥር መልሳችሁ ትከሉ፤ የመሀሉ ያረጀው ይድረቅና ይቃጠል።

ትልቁ ሥራ ክረምት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት አንድ ሌሊት ስድስት ካሬ ሜትር ኩሬ ላይ 300 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ያ ውሃ መውጫ ይፈልጋል፤ ካልሰጣችሁት ራሱ ይፈልጋል፣ የዓሣ ጫጩትና የተክል ስባሪ ይዞ ወደ መንገድ ይወጣል።

ስለዚህ ኩሬው ከመሞላቱ በፊት በአንድ ጎን፣ ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ወፍራም የውሃ ቱቦ አስገቡ። የውስጡን አፍ በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት፣ ቀዳዳው ከጤፍ ወንፊት ብዙም የማይሰፋ። የቱቦው ጫፍ ወደ መንገዱ ቦይ አይሂድ። ሁለት ሦስት ሜትር ወሰድ አድርጋችሁ ሙዝ ሥር ጉድጓድ ቆፍሩና ድንጋይና አሸዋ ሙሉበት፤ ውሃው እዚያ ይስረግ። ሙዙ ይወድላችኋል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንፊቱ በየሌሊቱ በቅጠል ይደፈናል። ጠዋት ከቡና በፊት እጄን እከትና የተለጠፈውን ሁሉ በነጭ ሳፋ ላይ አራግፋለሁ። የካና ቅጠል ቁራጭ፣ የቄጤማ ጫፍ፣ አንዳንዴ አንዲት ቀንድ አውጣ። ሳፋውን ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጌ አያለሁ። ያበጠ አገዳ ከሌለ እዚያው ሙዙ ሥር እደፋዋለሁ።